የፊደል ቆጠራ ታሪክ፦ ከንባብ ቤት እስከ ዘመናዊው መማሪያ ክፍል

ስለ ኢትዮጵያ ጥንታዊ የሕፃናት ትምህርት በሚደረግ ውይይት ሁለት ተቃራኒ ፍርዶች ተደጋግመው ይሰማሉ። አንደኛው የቄስ ትምህርት ቤትን የጩኸት፣ የሽምደዳና የልምጭ ቦታ አድርጎ ይፈርጃል፤ ሁለተኛው ደግሞ እንከን የሌለበት የጥበብ ምንጭ አድርጎ ያወድሰዋል። ሁለቱም ፍርዶች አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ሳይመልሱ ያልፋሉ፤ ይኸውም ገና አራትና አምስት ዓመት የሆነው ሕፃን ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ በእጁ፣ በዐይኑና በአንደበቱ በየዕለቱ ምን ይሠራ ነበር የሚለው ነው። ጥያቄው በዝርዝር ሲመረመር፣ የዚህ ትምህርት መጀመሪያ ደረጃ የሆነው ንባብ ቤት አንድ ከባድ የማስተማር ችግር፣ ማለትም ፊደሉን በቃሉ እየወረደ ለይቶ የማያውቀውን ልጅ ጉዳይ፣ በሚገባ ያጤነና መፍትሔም ያበጀለት ተቋም እንደነበረ፣ በአንጻሩ ደግሞ የልጁን እጅ ለጽሕፈት ባለማሠልጠኑና የሚነበበውን ነገር ትርጉም ለኋላ በማቆየቱ ትልቅ ክፍተት እንደተወ ይታያል።

ችግሩን ለመረዳት አስቀድሞ የፊደሉን ጠባይ ማየት ያስፈልጋል። የግእዝ ፊደል ከደቡብ ዓረብ ጽሕፈት የወጣ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሚጻፉት ተነባቢ ድምፆች ብቻ ነበሩ፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ዘመን ግን እያንዳንዱ ፊደል አናባቢውን በቅርጹ ላይ እንዲያሳይ ሆኖ ተሻሻለ። በዚህ ማሻሻያ ምክንያት 26ቱ የግእዝ ፊደላት ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስና ሳብዕ በሚባሉ ሰባት ረድፎች ተባዝተው 182 ቅርጾች ሆኑ፤ እንደ ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ ያሉት ዲቃላ ፊደላት በአምስት በአምስት ቅርጽ ሲጨመሩ ድምሩ 202 ይደርሳል፤ አማርኛም ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ እና ኸን ከነዘሮቻቸው አክሎበታል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ሕፃን ንባብ ሲጀምር የሚጠብቀው ሥራ ሃያና ሠላሳ ምልክቶችን ማወቅ ሳይሆን ከሁለት መቶ በላይ ቅርጾችን ከነድምፃቸው መለየት ነው። በርግጥ ቅርጾቹ በዘፈቀደ የተሠሩ አይደሉም፤ ካዕብ አብዛኛውን ጊዜ ከወገቡ በስተቀኝ ጭረት ይወጣለታል፣ ኃምስ ከእግሩ ሥር ቀለበት ይታሰርለታል። ይሁን እንጂ እንደ ሩ እና ፉ ያሉት ከደንቡ ይወጣሉ፤ ሳድስና ሳብዕም ቅርጻቸው ከፊደል ፊደል ስለሚለያይ ልጁ ደንቡን ብቻ ተማምኖ ሊያነባቸው አይችልም።

የፊደላቱ ቅደም ተከተልም ረጅም ታሪክ አለው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ የሚጀምረው ተራ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ የደቡብ ዓረብ ሕዝቦችም ፊደላቸውን በዚህ ተራ ይዘረዝሩ እንደነበር ታውቋል። ከዚያም ርቆ በሶርያ ጠረፍ በነበረችው በኡጋሪትና በፍልስጥኤም ምድር በምትገኘው በቤት ሳሚስ የተቆፈሩ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግድም የተጻፉ የሸክላ ሰሌዳዎች ይህንኑ ተራ ይዘው ተገኝተዋል። እንግዲህ በአንድ የገጠር ደብር ቅጥር ውስጥ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እያለ የሚቆጥር ሕፃን የሚደግመው ዝርዝር ዕድሜው ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ነው ማለት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በተለምዶ በአራት ዐበይት ቤቶች ይከፈላል፤ እነርሱም ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት ሲሆኑ፣ «ቤት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሕንጻን ሳይሆን የትምህርቱን ዘርፍና ጉባኤውን ያመለክታል። ቅኔና መጻሕፍት ቤት የሚገቡት አገር ለአገር የሚዞሩ፣ ለምነው የሚያድሩ፣ ደበሎ የለበሱ የቆሎ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ንባብ ቤት ግን የሰፈሩ ልጅ ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ የሚማርበት ነበር። መማሪያው የመምህሩ ደጃፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም የአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ነው። ልጆቹ «የኔታ» እያሉ የሚጠሩት መምህር ቋሚ ደመወዝ አልነበረውም፤ ወላጆች እህል ይሰፍሩለታል ወይም በጉልበት ያግዙታል፣ ልጆቹም ውኃ ይቀዱለታል፣ እንጨት ይለቅሙለታል።

የመጀመሪያው የመማሪያ መሣሪያ ፊደል ገበታ ነው። ገበታው በፍየል ወይም በበግ ብራና ላይ፣ በኋለኛው ዘመን ደግሞ በወረቀት ላይ፣ ፊደላቱ ከነሰባት ቅርጻቸው ተዘርዝረው የተጻፉበት ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ልጁ በጭኑ ላይ አድርጎ ወይም ከፊቱ አስደግፎ ስንደዶ ወይም ቀጭን ስንጥር በእጁ ይይዛል። መምህሩ ወይም የላቀ ተማሪ ፊደሉን ሲጠራ ልጁ በስንጥሩ እየጠቆመ ድምፁን ይደግማል። ይህ ጥቆማ ለወግ ያህል የሚደረግ አልነበረም፤ አንደበቱ ከዐይኑ ቀድሞ እንዳይሮጥ፣ የሚጠራው ድምፅና የሚያየው ቅርጽ በአንድ ቅጽበት እንዲገናኙ የሚያስገድድ፣ መምህሩም ልጁ የትኛው ፊደል ላይ እንዳለ በርቀት እንዲያይ የሚያስችል ዘዴ ነበር። ጥቆማው ከድምፁ ከዘገየ ወይም ከቀደመ ልጁ እያነበበ ሳይሆን እየወረደ መሆኑ ወዲያውኑ ይታወቅበታል።

ቆጠራው ራሱ ደረጃ ነበረው። በመጀመሪያ ፊደሉ ከላይ ወደ ታች በግእዙ ብቻ ይቆጠራል፤ ቀጥሎ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ፣ ሃ ራብዕ» እየተባለ ወደ ጎን ከነረድፉ ስም ይጠራል። በዚህ አቆጣጠር ልጁ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ድምፁ ያለበትን ቦታም ይይዛል፤ «የበ ሣልስ ማን ነው?» ሲባል ገበታውን ሳያይ «ቢ» ብሎ መመለስ ይችላል። በዘመናችን የቋንቋ ትምህርት ምሁራን የድምፅ ንቃት የሚሉት፣ ማለትም ልጅ የቃልን ድምፆች ነጥሎ የመስማትና የመለዋወጥ ችሎታው፣ ከዚህ ልምምድ ጋር ቀጥተኛ ዝምድና አለው። በአነጋገር ተመሳሳይ ድምፅ ላላቸው ፊደላት ደግሞ መለያ ስም ወጥቶላቸዋል፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ ይባላሉ። ስሞቹ ፊደሉ ከሚገኝበት የታወቀ ቃል የተወሰዱ በመሆናቸው ልጁ «ንጉሥ» በየትኛው «ሠ» እንደሚጻፍ ከፊደሉ ስም ጋር አብሮ ይማራል።

ንባብ ቤት ያጋጠመው ዋና ችግር ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። በዜማ የሚቆጠር ነገር ቶሎ በቃል ይያዛል፤ በቃል የተያዘ ነገር ደግሞ ዐይንን ሥራ ያስፈታል። ልጁ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይሳሳት ሊወርድ ይችላል፣ ከመሐል አንድ ፊደል ነጥለው ቢያሳዩት ግን እንደገና ከላይ ጀምሮ ካልቆጠረ በስተቀር ስሙን ላያውቀው ይችላል። መምህራኑ ይህን ለመከላከል ተራውን ደጋግመው ያናጉት ነበር፤ ልጁ ገበታውን ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በመጨረሻም መምህሩ በስንጥር ወደ ነካው ፊደል እየዘለለ እንዲያነብ ይደረጋል።

የዚህ ሁሉ ማጠናቀቂያ አቡጊዳ የሚባለው ሁለተኛው ገበታ ነበር። አቡጊዳ ፊደላቱን በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ተራ የሚያሰልፍ ሲሆን፣ የመጀመሪያው መስመር «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ይላል። አቀማመጡ በትኩረት ሲታይ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ በተሄደ ቁጥር ፊደሉም ረድፉም አብረው እንደሚለወጡ ይታያል፤ አ በግእዝ፣ በ በካዕብ፣ ገ በሣልስ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ገበታ የተሸመደደው ዜማ እዚህ ላይ ምንም አይረዳም፤ ልጁ እያንዳንዱን ቅርጽ በራሱ ማንነት ካላወቀው በስተቀር አንድ መስመር እንኳ መዝለቅ አይችልም። ሠንጠረዡ ትምህርትም ፈተናም ነበር። አሜሪካዊው የጽሕፈት ሥርዓቶች ተመራማሪ ፒተር ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1990 ተነባቢና አናባቢን በአንድ ቅርጽ የሚያጣምሩ ጽሕፈቶችን፣ የሕንድን ጭምር፣ በአንድ የወል ስም ለመጥራት ሲፈልግ የመረጠው ይህንኑ ቃል ነው። ከአገር ውስጥ ሊቃውንትም አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በግእዝ መዝገበ ቃላታቸው፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በአማርኛው መዝገበ ቃላታቸው ቃላቱን ያሰለፉት በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ተራ ነው።

ፊደሉን የለየ ልጅ ወደ ሐዋርያ ይሸጋገራል፤ ሐዋርያ የሚባለው የዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት ሲሆን፣ ልጁ ያንኑ አንድ ጽሑፍ በተለያየ ደረጃ ደጋግሞ ያነበዋል። በመጀመሪያው ደረጃ፣ ቁጥር በሚባለው፣ «መልእክት» የሚለውን ቃል ሲያገኝ በጣቱ እየነካ «መ፣ ል፣ እ፣ ክ፣ ት» ብሎ እያንዳንዱን ፊደል ነጥሎ ይጠራል። ግእዝ በሚባለው ደረጃ ፊደላቱን እያያያዘ ቃሉን በዝግታና በተጎተተ ዜማ ያነባል፤ በውርድ ንባብ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በቁም ንባብ ደግሞ ጽሑፉን እንደ አዋቂ አንባቢ አጥርቶ ያነበንባል። በቃላት መካከል የሚቀመጡት ሁለት ነጥቦች የዐይኑን ማረፊያ፣ አራቱ ነጥቦች ደግሞ የትንፋሹን ማረፊያ ያመለክቱታል። በዚሁ ሂደት የግእዝ ቃላት ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ በሚባሉ አራት የአነባበብ ዓይነቶች እንደሚከፈሉ ይማራል፤ እነዚህ ስያሜዎች የቃሉ ድምፅ የት ላይ እንደሚበረታና አጨራረሱ እንዴት እንደሆነ የሚገልጹ ናቸው። አንድን ጽሑፍ በነጠላ ፊደል፣ በቃልና በሙሉ ዐረፍተ ነገር ደረጃ ደጋግሞ ማንበብ ዛሬ የንባብ ቅልጥፍናን ለማዳበር ከሚመከሩት ልምምዶች አንዱ እንደሆነ ልብ ይሏል።

ከሐዋርያ በኋላ ወንጌለ ዮሐንስ፣ በመጨረሻም መዝሙረ ዳዊት ይነበባል። ዳዊትን የደገመ ልጅ ንባብን እንደጨረሰ ስለሚቆጠር ወላጆቹ ድግስ ደግሰው መምህሩን ያከብራሉ፣ ዘመድ ጎረቤትም ይጠራል፤ ቤተሰቡ የልጁን አንባቢነት በአደባባይ የሚያስመሰክርበት በዓል ነበር። በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ መምህሩ ብቻውን አልነበረም። ዳዊት የሚደግመው ወንጌል የሚያነበውን፣ ወንጌል የሚያነበው ሐዋርያ የሚቆጥረውን፣ ሐዋርያ የሚቆጥረው ደግሞ ገና ገበታ የያዘውን ያስጠና ነበር። አንድ መምህር በአንድ ዛፍ ሥር በተለያየ ደረጃ ያሉ ብዙ ልጆችን በአንድ ጊዜ ማስተማር የቻለው በዚህ አደረጃጀት ነው፤ ማንም ልጅ የጓደኛውን ፍጥነት ለመጠበቅ አይገደድም፣ ያልያዘውን ሳይዝም ወደሚቀጥለው አይገፋም።

የዚህ ሥርዓት ጉድለቶች ግን ሊሸፈኑ አይገባም። ልጁ የሚያነበው ግእዝ በቤቱ የማይነገር ቋንቋ በመሆኑ፣ ትርጉሙ የሚገለጥለት ትምህርቱን ወደ ላይኞቹ ቤቶች ከገፋ ብቻ ነበር፤ አብዛኛው ልጅ ግን ከዳዊት አያልፍም፣ ስለዚህ ድምፁን አሳምሮ የሚያወጣውን ጽሑፍ ሳይረዳው ያድጋል። ሴቶች ልጆች በንባብ ቤት ብዙም አይታዩም ነበር፤ እንደ እቴጌ ጣይቱ ያሉ በሚገባ የተማሩ ሴቶች ቢኖሩም ዕድሉ በአመዛኙ የመኳንንት ቤተሰብ ነበር። ልምጩና ቁንጥጫውም የትምህርቱ አካል ተደርጎ ይወሰድ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ለዚህ ታሪክ ዋነኛ የሆነው፣ ንባብ ቤት ማንበብን እንጂ መጻፍን አለማስተማሩ ነው። ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ የሸምበቆ ብርዕ የሚቀርጽ ቁም ጸሐፊ ሙያውን ከሌላ ጸሐፊ ሥር ተቀምጦ ለብቻው ይማራል። በዚህም ምክንያት ዳዊት የሚደግም ነገር ግን ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ማግኘት እንግዳ ነገር አልነበረም። የልጁ እጅ ፊደልን መጠቆም እንጂ ፊደልን መፍጠር አልተማረም።

በዚያው አገር፣ በሐረርና በወሎ በነበሩት የቁርኣን ትምህርት ቤቶች፣ እጅ ሌላ ድርሻ ነበረው። እዚያ ሕፃኑ የሚማርበት ሉህ የሚባል የእንጨት ሰሌዳ ሲሆን፣ የዕለቱ ትምህርት ከጥላሸት በተሠራ ቀለም ይጻፍበታል፤ ልጁ ጽሑፉን አንብቦ በቃሉ ከያዘ በኋላ ሰሌዳው በውኃ ታጥቦ ለአዲስ ትምህርት ይዘጋጃል። ቋንቋው ዐረብኛ በመሆኑ የትርጉሙ ችግር እዚህም እንደ ግእዙ ያው ነበር፤ ነገር ግን ሰሌዳው እየተጻፈና እየታጠበ ለዓመታት ስለሚያገለግል፣ ልጁም በብርዕ የሚጻፍበትን ሥራ ከጅምሩ ስለሚያይና ከፍ ሲል ራሱ ስለሚሠራው፣ ማንበብና መጻፍ በአንድ ዕቃ ላይ ተገናኝተው ነበር።

የኅትመት መምጣት የፊደል ገበታን ከብራና ጸሐፊው እጅ አውጥቶ ለብዙኃን አደረሰው። የግእዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ሲሆን፣ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን ከፊደል ሠንጠረዥ ጋር አሳተመ፤ ኢትዮጵያውያን ልጆች ንባብን የሚፈጽሙበት መጽሐፍ የመጀመሪያው የግእዝ ኅትመት መሆኑ የዳዊትን ቦታ ያሳያል። በአገር ውስጥ ደግሞ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ፊደልን፣ አቡጊዳንና ሐዋርያን በርካሽ ወረቀት አትመው በማሰራጨት ታላቅ ውለታ ዋሉ። ፊደልን በእጃቸው እየጻፉ በመሸጥ የጀመሩት እኒህ ሰው በኋላ ባቋቋሙት ተስፋ ማተሚያ ቤት አማካይነት፣ የኔታ በሌሉበት ቤት ሁሉ እናትና አባት፣ ታላቅ ወንድምና እኅት ገበታ ዘርግተው ታናናሾችን እንዲያስቆጥሩ አስችለዋል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ የጎደለው እጅ ቦታውን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1917 ዓ.ም. የተመሠረተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ትምህርትን በጥቁር ሰሌዳ፣ በጠመኔና በደብተር የሚሰጡ ነበሩ፤ በዚህ መንገድ በተስፋፋው ትምህርት ልጁ «ለ»ን ባነበበበት ቀን «ለ»ን ይጽፋል፣ አማርኛ ተናጋሪ ከሆነም የሚያነበው በሚናገረው ቋንቋ የተዘጋጀ መጽሐፍ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ማስተማሪያ አዘጋጅቶ የግእዝን ፊደል ከአማርኛና ከትግርኛ ውጪ ላሉ ተናጋሪዎችም አዳረሰ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደነገገ።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ትምህርት ቤት ቆይተው ለክፍላቸው የሚመጥን አጭር ጽሑፍ ማንበብ ያልቻሉ ብዙ ልጆች ተገኝተዋል። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ የተማሪው ቁጥር፣ የመጽሐፍ እጥረትና የመምህራን ሥልጠና ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ ጋር ግን ብዙ ጊዜ ልብ የማይባል አንድ ምክንያት አለ። ስልሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል መምህሩ ፊደሉን በሰሌዳ ጽፎ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲደግምለት፣ የንባብ ቤት የጋራ ቆጠራ ቀጥሏል እንጂ ያንን ቆጠራ ይፈትሹ የነበሩት ጥቆማው፣ የተራ ማናጋቱ፣ አቡጊዳውና የግል ምዘናው አብረውት አልመጡም። ማንበብ የማይችል ልጅ በጓደኞቹ ድምፅ ውስጥ ተደብቆ ዓመቱን ሊጨርስ ይችላል።

በቅርብ ዓመታት በቅድመ መደበኛ ክፍሎች የሚመከሩት የእጅ ሥራ የተቀላቀለባቸው ልምምዶች ይህን ክፍተት የሚሞሉት በዚህ ምክንያት ነው። ፊደላት አንድ በአንድ በካርቶን ወይም በጠርሙስ ቆርኪ ላይ ተጽፈው ሲበታተኑና ልጁ የተጠራውን ፊደል ለቅሞ ሲያወጣ የአቡጊዳን ሥራ ይሠራል፤ ቃል ሲገጣጥምባቸውና መልሶ ሲበትናቸው ደግሞ ቁጥርና ግእዝ ንባብን ይለማመዳል። ከጭቃ «ሀ»ን ሲያድቦለቡል ወይም በአሸዋ ላይ በጣቱ ሲጽፍ ንባብ ቤት ያልሰጠውን፣ ቅርጹን በእጁ የመፍጠርን ዕድል ያገኛል፤ ካዕቡን ለመሥራት ጭረቷን፣ ኃምሱን ለመሥራት ቀለበቷን ራሱ ሲቀጥል የረድፎቹ ደንብ ይገለጥለታል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዩኒሴፍ ድጋፍ የተሞከረው የልጅ ለልጅ መርሐ ግብር፣ ከፍ ያሉ ተማሪዎች ለትምህርት ያልደረሱ የሰፈራቸውን ሕፃናት በጨዋታ እንዲያዘጋጁ የሚያደርግ ሲሆን፣ አሠራሩ ታላቁ ታናሹን ከሚያስጠናበት የንባብ ቤት ልማድ ጋር አንድ ነው።

ጉዳዩ በውጭ አገር ያሉትን ቤተሰቦችም ይመለከታል። በአሜሪካና በአውሮፓ በሚገኙ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት በሳምንቱ መጨረሻ ፊደል የሚቆጥሩ ልጆች በቤታቸው አማርኛን በጥቂቱ የሚሰሙ ከሆነ፣ ሁኔታቸው ግእዝን ሳይረዳ ዳዊት ይደግም ከነበረው ልጅ ጋር ይመሳሰላል፤ ድምፁን ያወጣሉ፣ ቃሉ ግን አይነግራቸውም። ለእነርሱ ከፊደል ገበታው ጎን ተረት፣ እንቆቅልሽና የዕለት ጭውውት ካልቀረበ ያው ጥንታዊ ክፍተት እንደገና ይከፈታል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ወደ ንባብ ቤት መመለስ አይደለም፤ ንባብ ቤትን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ መተውም አይደለም። የጥንቶቹ መምህራን በወረቀት ላይ ያልጻፉት ነገር ግን በሥራቸው ያስመሰከሩት አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም ልጅ የደገመውን ሁሉ አወቀ ተብሎ እንደማይታመንና፣ እያንዳንዱ ልጅ ተራው በተናጋ ፊደል ላይ ለብቻው መፈተን እንዳለበት ነው። ይህ ደንብ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጽሕፈትና ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ንባብ ጋር በአንድ ክፍል ሲገናኝ፣ ሕፃኑ ፊደሉን ለይቶ ያውቃል፣ በእጁ ይጽፋል፣ ያነበበውንም ይረዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቁሳቁስ ካርቶን፣ ቆርኪና ጭቃ በመሆኑ ከድሃ ትምህርት ቤት አቅም በላይ አይደለም፤ ከባዱ ነገር መምህሩ በየሳምንቱ ለእያንዳንዱ ልጅ የተወሰነ ደቂቃ የሚያገኝበትን የክፍል አደረጃጀት ማበጀት ነው፤ ለዚያም ታላላቆቹ ታናናሾቹን የሚያስጠኑበት የንባብ ቤት ልምድ ዛሬም የሚሠራ መነሻ ይሰጣል።